«መርሴዲስ ገባች» ሲባል፦ ውሉን የፈረመው ማን ነው?

ከሽቱትጋርት የጻፍሽልን እህታችን፣ ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። ከአገር ቤት በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቀሻል፤ ጀርመን ከገባሽ ሦስት ዓመት ሆኖሻል፤ ጀርመንኛሽ ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ) ደርሷል። አንድ ላይፊርማ፣ ማለትም ሠራተኛ ቀጥሮ ለሌላ ድርጅት የሚያቀርብ ድርጅት፣ ዚንደልፊንገን ባለው የመርሴዲስ ፋብሪካ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሥራ አለ ብሎሻል። አንቺ ደግሞ ለሚቀጥለው መስከረም ለሜካትሮኒከር (የፋብሪካ ማሽን ጠጋኝ) አውስቢልዱንግ፣ ማለትም የሙያ ሥልጠና፣ የማመልከት ሐሳብ አለሽ። ቤተ ክርስቲያን የሚያገኙሽ ሰዎች ገና ካሁኑ «መርሴዲስ ገባች» እያሉ እንኳን ደስ ያለሽ ማለት ጀምረዋል። አንቺ ግን ውስጡ በእውነት ምን እንደሚመስልና የትኛውን እንደምትመርጪ ማወቅ ፈልገሻል። በመጨረሻም ስለ ፎቶ አንድ ነገር ጠይቀሻል፤ እሱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አውስቢልዱንጉን ምረጪ። የላይፊርማው ሥራ እስከ መስከረም የሚያቆይሽ ከሆነ ግቢበት፤ አውስቢልዱንጉን የሚያስቀርብሽ ከሆነ ግን አትግቢበት። እንዲህ የምንልሽ ሥራውን ንቀን አይደለም። «ማርቼዲስ» እያልን ያደግንበት ስም ትልቅ ነው፤ በሩ ላይ ያለው ኮከብ ግን ለሁሉም ሠራተኛ እኩል አያበራም። ያንኑ መኪና፣ በዚያው መስመር፣ ጎን ለጎን ቆመው የሚገጣጥሙ ሦስት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንዱ የፋብሪካው ቋሚ ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው ፋብሪካው ራሱ በጊዜ ውል የቀጠረው ነው፤ እንዲህ ያለ ውል ያለ ልዩ ምክንያት ከተፈረመ ቢበዛ ሁለት ዓመት ይሄዳል፣ በዚያ ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ አይታደስም። ሦስተኛው የላይፊርማው ሠራተኛ ነው፤ አሠሪው መርሴዲስ ሳይሆን ደመወዙን የሚከፍለው አቅራቢ ድርጅት ነው። አንቺን እየጠሩሽ ያሉት ወደ ሦስተኛው ነው።

ልዩነቱ በወረቀት ብቻ የሚቀር አይደለም። ሕጉ አንድ የላይፊርማ ሠራተኛ እዚያው ድርጅት ቢበዛ 18 ወር እንዲቆይና ከ9 ወር በኋላ ከቋሚው ጋር እኩል እንዲከፈለው ይላል፤ የኅብረት ስምምነቶች ግን ሁለቱንም ቀን ሊያንቀሳቅሱት ስለሚችሉ የትኛው ስምምነት እንደሚመለከትሽ ጠይቂ። መርሴዲስ በ2024 የጸደይ ወራት ለጀርመን ሠራተኞቹ እስከ 7,300 ዩሮ፣ በ2025 ደግሞ እስከ 5,220 ዩሮ የትርፍ ድርሻ ከፍሏል። ያ ገንዘብ የሚታሰበው ለራሱ ሠራተኞች ነው። እስከ 2034 መጨረሻ ድርጅቱ በኢኮኖሚ ምክንያት ሠራተኛ እንዳያሰናብት ከሠራተኞቹ ምክር ቤት ጋር የተስማማው ዋስትናም እንደዚሁ የውጭ አቅራቢ ሠራተኛን አይሸፍንም። ፖርሸ በ2025 መጀመሪያ ላይ በሽቱትጋርት አካባቢ እስከ 2029 ድረስ 1,900 የሥራ ቦታዎችን እንደሚቀንስ ሲያስታውቅ ቋሚዎቹን በግድ አላባረረም። ከዚያ በፊት የተነኩት የጊዜ ውል የነበራቸው ነበሩ፤ ውላቸው አለቀ፣ አልታደሰም፣ ግርግርም አልተነሣም። አውዲ እስከ 2029 ድረስ 7,500፣ ፎልክስቫገን እስከ 2030 ድረስ 35,000 የሥራ ቦታ ለመቀነስ ሲስማሙም ከሠራተኞቹ ወኪሎች ጋር የተደራደሩት ስለ ቋሚዎቹ ነው። የትልቅ ፋብሪካ ደኅንነት አለ፤ ያለው ግን ከውሉ ጋር ነው።

ስለዚህ ላይፊርማው ወረቀቱን ሲያቀርብልሽ እዚያው አትፈርሚ፤ ቤት ወስደሽ አንብቢው። የትኛው የደመወዝ እርከን ላይ እንዳስቀመጡሽ፣ የዘርፍ ጭማሪው (በተመደብሽበት ኢንዱስትሪ ምክንያት የሚታከለው ክፍያ) ከስንተኛው ሳምንት እንደሚጀምርና የሰዓት ቋት፣ ማለትም ትርፍ ሰዓትሽ የሚጠራቀምበት መዝገብ፣ እንዴት እንደሚሠራ እይ። የሰዓት ቋቱን በተለይ ልብ በይ። ፋብሪካው አንቺን ባይፈልግሽ ላይፊርማው ደመወዝሽን መክፈል አለበት፤ «ሥራ ስለሌለ ያለ ደመወዝ ዕረፍት ውሰጂ» ቢልሽ ልክ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን ያጠራቀምሽውን ትርፍ ሰዓት በጸጥታ መብላት ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ካርድሽንም ገልብጠሽ ተመልከቺ። «ኤርቨርብስቴቲግካይት ኤርላውብት» (መሥራት ይፈቀዳል) የሚል ከሆነ ችግር የለም። ፈቃድሽ ከአንድ የተወሰነ ሥራ ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን የውጭ ዜጎች ቢሮ ለላይፊርማ ሥራ ፈቃድ አይሰጥም።

ወደ መስመሩ እንግባ። ዚንደልፊንገን ከ1915 ጀምሮ ያለ ፋብሪካ ነው። በ2020 የተከፈተው ፋክቶሪ 56 የሚባለው አዳራሽ ኤስ ክላስን፣ ማይባኽን እና ባለባትሪውን ኢኪውኤስ በአንድ መስመር ላይ ያሠራል። ለሠራተኛው ይህ ማለት ባለ ሞተሩ መኪና ካለፈ በኋላ ባለ ባትሪው ይመጣል፣ ቀጥሎ ማይባኹ ይመጣል፤ እጅ ለምዶት በደመ ነፍስ የሚሠራ ነገር ያንሳል፣ ዓይን ሁልጊዜ ማንበብ አለበት። በብዛት በሚያመርቱ መስመሮች አንድ መኪና አንቺ ፊት የሚቆየው አንድ ደቂቃ አካባቢ ነው፤ በቅንጦት መኪና መስመር ይረዝማል። 90 ሰከንድ ብለን እናስላው። ከዕረፍት ውጪ 7 ሰዓት የተሠራበት ፈረቃ 420 ደቂቃ ነው፤ ያንኑ ሥራ 280 ጊዜ ትደግሚዋለሽ። በየዙሩ ስድስት ክሊፕ በአውራ ጣትሽ የምትጫኚ ከሆነ በቀን 1,680 ክሊፕ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውን የሚያስለቅሱት ክብደት አይደለም፤ አውራ ጣት፣ የእጅ አንጓና ውስጥ እግር ናቸው። እጅሽ ሌሊት መደንዘዝ ከጀመረ ዝም ብለሽ አትቻይው፤ ለቡድን መሪሽ ተናግረሽ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወሪ፣ የፋብሪካውንም ሐኪም እይ። ጣቢያ መቀያየር በጥሩ ቡድን ውስጥ የተለመደ ነው። ቆይቶ የተነገረ የእጅ ሕመም ግን ከሥራው መምጣቱን ማሳየት ይከብዳል።

ስሕተቱ የሚበዛው መሰኪያ ላይ ነው። የሽቦ መሰኪያ ግማሽ ገብቶ የገባ ይመስላል፤ መኪናው ከመስመሩ እስኪወጣ ይሠራል፣ ከዚያ መንገድ ላይ በንዝረት ይላቀቃል። ስለዚህ ደንቡ ሦስት ነው፤ ግፊ፣ «ቀጭ» ሲል ስሚ፣ መልሰሽ ሳቢው። ጆሮ መከላከያ አድርገሽ «ቀጭ» ካልተሰማሽ በጣትሽ ስሚው። ቡሎን የሚያጠብቁት መሣሪያዎች ጥብቀቱንና ቁጥሩን መዝግበው ለኮምፒውተር ያቀብላሉ፤ ከአምስት ቡሎን አንዱ ከቀረ ሥርዓቱ ያውቃል። መሰኪያና ክሊፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ምስክር የላቸውም፤ ምስክሩ አንቺ ነሽ። ስሕተት ከሠራሽ፣ ወይም ሳትጨርሺ መኪናው ካለፈሽ፣ የጥሪ ቁልፉን ተጫኚ። መስመር ማስቆም ውድ ነው፤ አዲስ ሠራተኛ ስለዚህ ይፈራል። ነገር ግን ቡድን መሪ የሚቆጣው በጥሪው አይደለም፤ ተደብቆ ሦስት ጣቢያ ካለፈ በኋላ ዳሽቦርድ ተነቅሎ በሚፈለግ ጉድለት ነው።

ልብስን በተመለከተ ቀለበት፣ ሰዓትና ብረት ያለው ቀበቶ ቀለም ስለሚቧጭሩ አይፈቀዱም። የተፈታ ጸጉርና የተንጠለጠለ ሻርፕ ከሚሽከረከር መሣሪያ አጠገብ አደጋ ነው። ማተብሽም በዚሁ ደንብ ውስጥ ይወድቃል፤ በመጀመሪያው ቀን የደኅንነት ገለጻ ላይ በግልጽ ጠይቂያቸው እንጂ ደብቀሽ አትግቢ። ቀለም ቤት ከመደቡሽ ደግሞ ለእኛ ሰው የሚከብድ አንድ ነገር አለ፤ የጸጉር ቅባት፣ የእጅ ክሬምና ሽታ ማጥፊያ። ብዙዎቹ ሲሊኮን አላቸው። የሲሊኮን ቅንጣት ቦዲው ላይ ካረፈ ቀለሙ ከቦታው እየሸሸ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ጉድጓድ ይሠራል፤ ያ ቦዲ ተሞርዶ እንደገና ይቀባል። ለጋ ቅቤ ሲሊኮን ባይኖረውም ቅባት ነውና እዚያ በር ላይ አትሞክሪው።

ፈረቃው ብዙውን ጊዜ በየሳምንቱ ይገለባበጣል። የጠዋቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል፣ በጀርመኖቹ አነጋገር ስድስት ሰዓት ማለት ነው፤ የከሰዓቱ ማታ 4 ሰዓት አካባቢ ወይም ከዚያ አልፎ ያበቃል። ቤት ከመከራየትሽ በፊት ወደ ዚንደልፊንገን የሚሄደው ኤስ60 ባቡር ከሠፈርሽ ከሚነሣው የመጀመሪያ ባቡር ጋር መገናኘቱን አረጋግጪ፤ ብዙ አዲስ ሠራተኛ የሙከራ ጊዜውን የሚያበላሸው በሥራው ሳይሆን በመዘግየት ነው። በሙከራ ጊዜ፣ እስከ 6 ወር ማለት ነው፣ በሕጉ መሠረት በሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። ከታመምሽ ፈረቃሽ ከመጀመሩ በፊት ደውዪ፤ ሥራ ከጀመርሽ በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ውስጥ ከታመምሽ አሠሪው ደመወዝ የመክፈል ግዴታ የለበትም፣ ወደ ጤና መድኅንሽ ነው የምትሄጂው።

ዓመት በዓል ሌላ ጉዳይ ነው። በእነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 6 በባደን ቩርተምበርግ፣ ማለትም በሽቱትጋርት ክልል፣ በዓል ነው፤ የእኛ ገና በማግሥቱ ጃንዋሪ 7 ይውላልና ሥራ አለ። በኅብረት ስምምነቱ 30 ቀን ዕረፍት አለ፤ ብዙ ፋብሪካ ግን በበጋና በእነሱ ገና ሲዘጋ ከዚያው ላይ ይቆርጣል። ለገናና ለፋሲካ የምትፈልጊውን ቀን የዓመቱ ሰሌዳ ሲወጣ አስመዝግቢ። በጾም ወቅት ሳትበዪ ጠዋት 12 ሰዓት መስመር ላይ መቆምን ደግሞ ከነፍስ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ ቅስቀሳ አይደለም፣ እጅ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ስላልሆነ ነው።

ቋሚዎቹ የሚያገኙት ነገር በኢጌ ሜታል፣ ማለትም በብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር፣ ስምምነት የሚመራ ነው። ሳምንቱ 35 ሰዓት ነው። በባደን ቩርተምበርግ ደመወዙ 17 እርከን አለው፤ ሰባተኛው 100 በመቶ ተብሎ መለኪያ ይሆናል፣ የሙያ ሥልጠና የጨረሰ ሰው የሚያነጣጥረውም እሱን ነው። የገና ገንዘቡ ከ6 ወር በኋላ የወር ደመወዝ 25 በመቶ ሆኖ ይጀምርና ከ36 ወር በኋላ 55 በመቶ ይደርሳል። በተጨማሪ በዓመት አንድ ጊዜ የወር ደመወዝ 27.5 በመቶ ይከፈላል፤ መስፈርቱን የሚያሟላ ፈረቃ ሠራተኛ ግን ገንዘቡን ትቶ 8 ቀን ዕረፍት መውሰድ ይችላል። ገናን፣ ጥምቀትንና ፋሲካን አክብሮ የተረፈ ቀን ይኖረዋል ማለት ነው።

አሁን አውስቢልዱንጉ። ሜካትሮኒከር ማለትሽ መልካም ነው፤ ካ ኤፍ ጼት ሜካትሮኒከር ከሚባለው ጋር እንዳታምታቺው ብቻ። የኋለኛው የመኪና ጠጋኝ ነው፣ በአብዛኛው ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ፤ ጋራዡ በር ላይ ኮከብ ቢኖርም ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ነጋዴ ነው፣ ደመወዙም የጋራዦቹ እንጂ የፋብሪካው አይደለም። መርሴዲስ በጀርመን የነበሩትን የራሱን መሸጫና መጠገኛ ቅርንጫፎች የመሸጥ ዕቅዱን በ2024 አሳውቋል። ሜካትሮኒከር ግን የፋብሪካውን ሮቦት፣ ማጓጓዣና መቆጣጠሪያ የሚጠግን ሰው ነው። መስመር ሲቆም ገጣጣሚው ይቀመጣል፣ እሱ ይጠራል፤ መኪናው ባትሪም ይሁን ቤንዚን ለእሱ ለውጥ የለውም። ከመርሴዲስ በሩ ቢዘጋበት ማሸጊያ ፋብሪካም የመድኃኒት ፋብሪካም ይወስደዋል። ከእሱ ጋር የሚስተካከለው የአውቶሜሽን ኤሌክትሮኒከር ነው፤ ሁለቱም ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃሉ።

ማመልከቻው ከመነሻው አንድ ዓመት ያህል ቀድሞ ስለሚከፈት አትዘግዪ፤ ኮከቡን ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ያሉ የማሽን ሠሪዎችንም አስገቢ። ዲግሪሽን አትደብቂ። ዩኒቨርሲቲሽን አናቢን በሚባለው የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝር ላይ ፈልጊ፤ ጼትአቤ ከሚባለው ቢሮ የዲግሪ ማነጻጸሪያ ወረቀት በ200 ዩሮ አካባቢ ታገኛለሽ። ትራንስክሪፕትሽን ካሁኑ አስልኪ፤ ረጅሙ ጊዜ የሚባክነው አዲስ አበባና ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት መካከል ነው። ወረቀቱ ሲኖርሽ ከአሠልጣኙ ድርጅት ጋር ተስማምተሽ ሥልጠናውን እስከ አንድ ዓመት ማሳጠር መጠየቅ ትችያለሽ። በአንድ ነገር ግን ጠንከር እንበልሽ፤ ቢ1 ለመስመሩ ይበቃል፣ ለሙያ ትምህርት ቤቱ ግን አይበቃም። በሜካትሮኒከር የመጀመሪያው ክፍል ፈተና 40 በመቶ፣ ሁለተኛው 60 በመቶ ይይዛል፤ ሁለቱም የኤሌክትሪክ ንድፍ ከጽሑፍ ማብራሪያ ጋር የሚነበብባቸው ናቸው። እስከ መስከረም ቢ2 ጨርሺ። ክፍል ውስጥ የተማርሽው ጀርመንኛ ቢሆንም አዳራሹ ውስጥ የምትሰሚው ሽቬብኛ ነው፤ ሥራን «አርባይተን» ሳይሆን «ሻፈ» ይሉታል፣ ለሁለት ወር ያልገባሽ ቢመስልሽ አትደንግጪ።

ለእናትሽ ከውስጥ ፎቶ መላክ ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። አይቻልም፤ በልማት ክፍሎች የስልክ ካሜራ ላይ ተለጣፊ ይደረጋል፣ በምርት አዳራሹም ያለ ፈቃድ ማንሣት ክልክል ነው፤ በሙከራ ጊዜ ውስጥ ለአንድ ፎቶ ሥራ ማጣት አለ። ከበሩ ውጪ፣ ከመንገዱ ማዶ ግን ማንም አይከለክልሽም፤ ኮከቡ ከዚያም ይታያል።