አባትሽ የመጀመሪያ ደረጃ የፔት ስካን ሙከራ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት

እህቴ፣ «አባቴ የፕሮስቴት ካንሰር አለባቸው። ገና በሙከራ ላይ ያለ፣ ጨረር ያለው የምስል መድኃኒት እንዲወጉ ተጠይቀዋል። ይጎዳቸው ይሆን?» ብለሻል። እኔ እዚህ አሜሪካ ፔት ስካን (የተወጋው መድኃኒት ሰውነት ውስጥ የት እንዳለ በጨረሩ የሚያሳይ የምስል ምርመራ) ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። እንዲህ ባሉ ሙከራዎችም መርፌውን ወግቻለሁ።

ከሁሉ በፊት ይህ መርፌ አያክምም። በሙከራው የመጀመሪያ ደረጃ የሚታየው መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ የት የት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚወጣ፣ ኩላሊትና ፊኛን የመሰለው አካል ምን ያህል ጨረር እንደሚያገኘው ነው። ካንሰሩን በደንብ ማሳየት አለማሳየቱ በሰፊው የሚፈተነው በኋላ ነው።

መጠኑ በማይክሮግራም፣ ማለትም በግራም ሚሊዮንኛ፣ ስለሚለካ እንደ ኬሞ አያንገላታም። ጨረሩም ቶሎ ይከስማል። ጨረሩን የሚሰጠው ንጥረ ነገር ፍሎሪን-18 ከሆነ በየ110 ደቂቃው፣ ጋሊየም-68 ከሆነ በየ68 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል። ምንም አደጋ የለውም ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ ጨረር ጨረር ነው።

የሚከብደው ቀኑ ነው። አንድ የአገራችን አዛውንት አይረሱኝም። በአንድ ቀን አራቴ ማሽኑ ላይ ተኙ። በየመሃሉ ደም ተቀዳ፣ ሽንታቸው በጠርሙስ ተጠራቀመ። ጀርባቸውን ሲያማቸው ዋለ። እኔ ስጠይቃቸው ግን «ደህና ነኝ ልጄ፣ ቀጥል» ይሉኛል። ለካ ይሉኝታ ይዟቸው ነው። በፈለጉ ሰዓት፣ ምክንያት ሳይናገሩ፣ ማቋረጥ መብታቸው ነበር። ደግሜ ደጋግሜ አለመንገሬ ዛሬም ይቆጨኛል። ስለዚህ የፈቃድ ፎርሙ ሲነበብ አብረሽ ተቀመጪ። «እሺ፣ እሺ» ብለው እንዳይፈርሙ።

ቢሳተፉ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚሰጠው ኤፍዲጂ የተባለው የፔት ስካን መርፌ እ.ኤ.አ. በ1976 ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የተወጋው ለሁለት ጤነኛ ፈቃደኞች ነው። የተሠራው ሎንግ አይላንድ፣ ብሩክሄቨን ላብራቶሪ ነበርና ጨረሩ ሳይከስም በትንሽ አውሮፕላን ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ፊላደልፊያ አደረሱት።

ለፕሮስቴት ግን አሁን የተፈቀዱ መርፌዎች አሉ። ከነሱ አንዱን፣ ጋሊየም ፒኤስኤምኤ-11 የሚባለውን፣ ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) የፈቀደው በዲሴምበር 2020 ነው። እናም ጠይቂ፦ አባቴ የተፈቀደውንም ስካን ያገኛሉ? ሙከራው ላይ የታየው ለሐኪማቸው ይነገራል? ከሳቸው በፊት ስንት ሰው ወስዶታል? «ይነገራል» ካሉሽ ፎርሙ ላይ የቱ ጋ እንደተጻፈ ያሳዩሽ።

የዕለቱ ዕለት ውሃ በደንብ ይጠጡ፣ ቶሎ ቶሎ ይሽኑ፤ ፊኛቸው ላይ የሚያርፈውን ጨረር ይቀንሳል። ቤት ሕፃን ወይም እርጉዝ ካለች ለስንት ሰዓት እንደሚርቁ እዚያው ጠይቀሽ ውጪ።