እንቦሳው ትንፋሽ ሲያጥረው፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ውርጩ ሲጠና ወደ ዓምዳችን የሚላኩ ጥያቄዎችም ወደ ጥጃ ያጋድላሉ። የዛሬዎቹ ሁሉም በእንቦሳ ትንፋሽ ዙሪያ ናቸው።

ከጫጫ፦ *ጊደራችን የተዳቀለችው በፈረንጅ ዘር ነው። ምጡ ጠናባትና ስበን አወጣነው። ጥጃው ይንቀሳቀሳል፣ ግን አይተነፍስም። ጎረቤት በኋላ እግሩ አንጠልጥሎ አወዛወዘው፤ ብዙ ውሃ ወጣው፤ ከዚያ ሞተ። ምን ማድረግ ነበረብን?*

ይንቀሳቀስ ከነበረ ልቡ ይመታ ነበር ማለት ነው፤ ያጣው አየር ነው። ጤነኛ እንቦሳ በተወለደ በ30 ሰከንድ አካባቢ፣ ቢዘገይ በ1 ደቂቃ ውስጥ መተንፈስ ይጀምራል። ማንጠልጠሉ የሚያሳስተው በሚወጣው ውሃ ብዛት ነው። ያ ውሃ አብዛኛው ከጨጓራ እንጂ ከሳንባ አይደለም። ጥጃው ቁልቁል ሲንጠለጠል ሆድ ዕቃው ሁሉ ወደ ደረቱ ይወርድና ሳንባውን ይጫነዋል፤ ለመተንፈስ የሚታገለውን ይባስ እናፍነዋለን።

በዚያች ደቂቃ የሚደረገው ይህ ነው። ጣት አስገብቶ የአፉን ልሃጭ መጥረግ፤ አፍንጫውን ከላይ ወደ ቀዳዳው እየጨመቁ ማውረድ። ወዲያው በደረቱ ማስቀመጥ፤ ሁለቱን የኋላ እግሮች ወደ ፊት ስቦ ከሆዱ ግራና ቀኝ ማድረግ፣ እንቁራሪት እንደምትቀመጠው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኛ ግን አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ ብንባል እሱን እንመርጣለን። በጎኑ የተኛ ጥጃ ከታች የዋለው ሳንባው በክብደቱ ተጭኖ በደንብ አይነፋም፤ በደረቱ ሲቀመጥ ሁለቱም አየር ያገኛሉ።

ከዚያ ንጹሕ የጭድ ዘንግ በአፍንጫው ቀዳዳ አስገብቶ መነካካት ነው። ሲያስነጥስ አየር ይስባል። እምቢ ካለ አንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ ጆሮው ውስጥ ያፍስሱበት፤ ድንጋጤው ትንፋሹን ይቀሰቅሰዋል። ውሃው ለጆሮና ለጭንቅላት ብቻ ነው፤ ገላው ላይ ከፈሰሰ ውርጩ ይጨርሰዋል። በዚህ መካከል ሌላ ሰው ጀርባውንና ጎኑን በደረቅ ጆንያ ጠንክሮ ይሸው። ልቡ ከግራ ክርኑ ጀርባ በእጅ ይዳሰሳል። እየመታ ከሆነ ማሸቱንና መነካካቱን አታቋርጡ።

ልሃጩን በአፍ መምጠጥና አፍ ለአፍ መንፋት ግን ይቅር። ላም የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስ በሽርት ውሃና በእንግዴ ልጅ ወደ ሰው ይተላለፋል።

ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ፣ ጊደር ስታስጠቁ አዳቃይ ባለሙያውን ትንሽ ጥጃ ከሚጥል ኮርማ የተወሰደ ዘር እንዲመርጥ ይጠይቁት። ሲስቡም ምጡ ሲመጣ ብቻ ይሁን፤ ከሁለት ሰው ጉልበት አይለፍ። ጭንቅላቱና ደረቱ እንደወጣ ቆም ብለው አፍንጫውን ይጥረጉለት። ዳሌው ገና ሳይወጣ መተንፈስ ይችላል።

ከደነባ፦ *በኋላ እግሩ የመጣ ጥጃስ?*

መጀመሪያ ይለዩት። የሰኮናው መርገጫ ወደ ላይ ከዞረ የኋላ እግር ሊሆን ይችላል፤ ተገልብጦ የመጣም እንዲሁ ስለሚያደርግ ግን በዚህ ብቻ አይወሰንም። ንጹሕ እጅ አስገብተው ከሰኮናው ወደ ላይ ሁለት መገጣጠሚያ ይዳስሱ። ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ከታጠፉ የፊት እግር ነው፤ ወደ ተቃራኒ ከታጠፉ የኋላ።

የኋላ ከሆነ ዳሌውና ጭራው እስኪወጡ አይቸኩሉ፤ የላሟ መውለጃ መንገድ ይስፋ። ዳሌው ካለፈ በኋላ ግን ማዘግየት የለም። እትብቱ በላሟ ዳሌ አጥንትና በጥጃው መካከል ይጨመቃል፤ ጭንቅላቱ ገና ውስጥ ነው፣ የሚስበውም አየር ሳይሆን ሽርት ውሃ ይሆናል። በአንድ ሁለት ደቂቃ መውጣት አለበት። ስለዚህ እግሩን እንዳወቃችሁ ሐኪም ይጠራ፤ ዳሌው ከወጣ በኋላ መጥራት ምንም አይፈይድም።

ከደብረ ብርሃን ዙሪያ፦ *እንቦሳው ተንፍሷል፣ ግን ቶሎ ቶሎ ነው፤ ያቃስታልም። ብርድ ይሆናል ብለን ማድ ቤት እሳቱ አጠገብ አስተኛነው።*

ብርድም ሊሆን ይችላል፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እርጥብ ሆኖ የተወለደ ጥጃ በሌሊት ውርጭ ቢንቀጠቀጥ አይደንቅም። ማድ ቤቱ ግን የኩበት ጢስ ነው። ሳንባው ገና እየተከፈተ ላለ እንቦሳ ከጢስ የባሰ አይገኝም።

ረጋ ብሎ ሲተኛ ጎኑ ከፍ ዝቅ የሚልበትን ለሙሉ 1 ደቂቃ ይቁጠሩ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከ45 እስከ 60 ደህና ነው። ከዚያ በልጦ ካልወረደ፣ ሲያስወጣ ካቃሰተ፣ አንገቱን ዘርግቶ በአፉ ከተነፈሰ፣ ወይም ድዱ ሮዝ መሆኑ ቀርቶ ሰማያዊ ከሆነ፣ ሐኪም ዛሬውኑ ይየው። በተወለደ በ15 ደቂቃ በደረቱ መቀመጥ ያልቻለም እንደዚያው።

ሙቀቱን በቴርሞሜትር ከፊንጢጣው ይለኩ። ደህናው ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ ነው። ከ38 በታች ከወረደ መጀመሪያ ፍጹም ያድርቁት፤ እርጥብ ጥጃ በጆንያ ቢጠቀለል አይሞቅም። ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጀሪካን ጎኑ ላይ ያስጠጉለት። መኝታው ሲተኛ እግሩን የሚውጥ የገብስ ጭድ ይሁን። ጭዱ ላይ በጉልበትዎ ይንበርከኩ፤ ሱሪዎ ከረጠበ ይቀየር። በዚያው ጎንበስ ብለው በጥጃው አፍንጫ ቁመት ያሽትቱ፤ ሽንቱ ዓይን ካቃጠለ እሱም ያንኑ ነው የሚተነፍሰው። ነፋስ በጥጃው ላይ እንዳይነፍስ ከታች ይከለል፤ ከጣራው ሥር ግን የአየር መውጫ ይተው።

ከመሐል ሜዳ፦ *አያቴ አልጠባ ያለውን እንቦሳ እንገር በጠርሙስ ጋተችው። አሁን ያስላል፤ ወተትም በአፍንጫው ይወጣል።*

አያትሽ እንገሩ እንዳያመልጠው መቸኮላቸው ልክ ነው፤ ያሳታቸው ጠርሙሱ ነው። ለመጥባት ጉልበት የሌለው ጥጃ በደንብ አይውጥም፤ የሚፈስበት ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ከዚያ የሳንባ ምች ይከተላል። አሁን መጋቱ ይቁምና በቶሎ ሐኪም ዘንድ ይድረስ። ከገበያ ገዝቶ መርፌ መውጋት አያዋጣም፤ መድኃኒቱ የሚመጠነው በኪሎው ነው።

ለወደፊቱ ንጹሕ ጣትሽን አፉ ውስጥ አድርጊ። ጠንክሮ ከሳበ በጡጦ ይጠጣል፤ አገጩ ከጀርባው ብዙ ከፍ አይበል። ካልሳበ አሙቂውና ደግመሽ ሞክሪ፤ አሁንም ካልሳበ ባለሙያ በቱቦ ይስጠው። መጠኑ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ 35 ኪሎ ለሆነ ድቅል 3.5 ሊትር፣ 20 ኪሎ ለሆነ ያገር ጥጃ 2 ሊትር። ግማሹ በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት፣ ቀሪው እስከ 6 ሰዓት ይድረሰው። እንገር ተፈልቶ ለቤተሰብ ሲቀርብ ይጣፍጣል፤ ለጥጃው ግን የተፈላ እንገር በሽታ የሚከላከልበትን ኃይል ያጣ ነው። የጥጃው ድርሻ ለብ ብሎ ይሰጥ።

ከአንጎለላ፦ *አረቄ በአፍንጫው ጠብ ቢደረግለት ያነቃዋል ይላሉ።*

አያነቃውም። የአፍንጫውን ስስ ቆዳ ያቃጥላል፤ ወደ ሳንባም ይወርዳል። ገላው ላይ ቢቀባ ደግሞ ሲተን የቀረውን ሙቀት ይወስድበታል። ለማንቃት የጭዱ ዘንግ ይበቃል፤ ከአረቄውም ይረክሳል።

ከሸዋ ሮቢት፦ *እኛ ዘንድ ውርጭ የለም። ጥጃው ቀትር ላይ የሚያለከልከው ለምንድን ነው?*

ጥላ ውስጥ አስገብተው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትንፋሹን እንደገና ይቁጠሩ። ሙቀት ብቻ ከሆነ ይወርዳል። ጥላ ውስጥም ካለከለከ፣ በማለዳ ሲለካም ከ39.5 ዲግሪ ካለፈ፣ ፀሐይዋን መክሰስ ይቅርና ሳንባው ይመርመር።