ፈረሱ የቀርከሃ ይሁን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። የኪነት ቡድናችን ጉግስን መድረክ ላይ ሊያሳይ አስቧል። አዳራሹ ግን ፈረስ ቀርቶ ፍየል አያስገባም። አንዱ ጓደኛችን «ኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት ላይ በቀርከሃ ፈረስ ይጫወታሉ» ቢለን ሳቅንበት። እውነት ነው? እንዴትስ ይሠሩታል?

መልስ፦ ልጁን ቡና ጋብዙት፤ እውነቱን ነው። ጃራን ከፓንግ ይሉታል፤ ዮግያካርታ አካባቢ ደግሞ ጃቲላን። ቀርከሃውን ሰንጥቀው ይጎነጉኑታል፤ ጠፍጣፋ የፈረስ ቅርጽ ያወጡለትና ቀለም ይቀቡታል። ጋማ አለው፣ ጅራት አለው፣ እግር የለውም። ተወዛዋዡ በጭኖቹ መሀል ያስገባዋል። የሚሰግረውም የሚደነብረውም የሰውየው እግር ነው። አያቴ ቢያዩት «ምነው፣ ይሄ ፈረስ በሁለት እግር ቀረ?» ማለታቸው አይቀርም። መንዜ በፈረስ ቀልድ አያውቅም።

ከበሮውና ጎንግ የሚባለው ተመትቶ የሚጮኽ የብረት ሰሌዳ ሲጋጋል ነገሩ ይለወጣል። ከተወዛዋዦቹ አንዳንዱ ራሱን ይስታል። ሣር ይግጣል፣ ብርጭቆ የሚያኝክም አለ። ወደ ልቡ የሚመልሰው ፓዋንግ የሚሉት አዋቂ ነው። ዛር ሲያጓራ ያየ ሰው ብዙም አይገረም። ይህን ግን እናንተ እንዳትሞክሩት!

ምሥራቅ ጃቫ፣ ፖኖሮጎ ላይ ፈረሰኞቹ ሬዮግ በሚባለው ትርኢት ውስጥም ይገባሉ። እዚያ አንድ ሰው በጣዎስ ላባ የተንቆጠቆጠ ግዙፍ የአውሬ ጭምብል በጥርሱ ነክሶ ይሸከማል። ክብደቱ 50 ኪሎ ይደርሳል። ሬዮግን ዩኔስኮ በ2024 እ.ኤ.አ. አስቸኳይ ጥበቃ ከሚሹ ቅርሶች መዝግቦታል።

ወደ እናንተ ልመለስ። ቀርከሃው ከቸገረ ሰፌድ የሚሰፉ እናቶችን አማክሩ። ጋማውን ከመንዝ በግ ፀጉር ሥሩት፤ ረጅም ነው፣ ሲዘሉ ያምራል። አንድ ነገር ግን ከጃቫዎቹ ለዩ። እነሱ አብዛኛውን ጊዜ ፈረሱን በእጃቸው ይይዙታል። የእናንተ ፈረሰኛ ግን ዘንግ ይወረውራል፣ በጋሻ ይመክታል፤ እጁ መፈታት አለበት። ስለዚህ ፈረሱን በማንገቻ ከትከሻው አንጠልጥሉት። ፈረሱን ከማሳመራችሁ በፊት እግር ላይ ሥሩ፦ ሶምሶማ፣ ግልቢያ፣ ድንገት ቆሞ መዞር። ልምምዱን በባዶ እጅ ጀምሩ፤ ዘንጉ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ጫፉም በጨርቅ ይጠቅለል። የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሕፃናት ናቸው።