«ዕውቅና መስጠት» ወይስ «ለይቶ ማወቅ»?

ጥያቄ፦ ሐረር ውስጥ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። በአንድ የማስተማሪያ ጽሑፍ ላይ «አንጎል በዐይን ለሚታዩ ዕቃዎች ዕውቅና ይሰጣል» የሚል ዐረፍተ ነገር አንብቤ ጎረበጠኝ። ምን ቢባል ይሻላል?

መልስ፦ የጎረበጠዎት ያለ ምክንያት አይደለም። «ዕውቅና» በዛሬው አማርኛ ሥልጣን ያለው አካል የሚሰጠው ነገር ነው፤ ጁገል በ1998 ዓ.ም. ከዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ዕውቅና አግኝቷል እንላለን። አንጎል ግን ማኅተም አይመታም። «ዕቃ»ም ይጠብባል፤ ፊትና ዛፍ ዕቃ አይደሉምና «ነገር» ይበቃል።

እኔ «ለይቶ ማወቅ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ የሁለቱ ግሦች ቅደም ተከተል ከአንጎል አሠራር ጋር ይገጥማልና። ከዐይን የተነሣው መልእክት በአንጎል የኋላ ክፍል ሲደርስ ጠርዙና ቀለሙ ይተነተናል፣ ቅርጹም ከዳራው ይነጠላል፤ ይህ መለየት ነው። ከዚያ በጆሮ አቅጣጫ ወዳለው የጎን ክፍል ሲያልፍ ቅርጹ ቀድሞ ከሚታወቀው ጋር ይገናኛል፤ ይህ ማወቅ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪሽ ሊሳወር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890፣ ዐይናቸው እያየ ያዩትን መለየት የተሳናቸውን ሕሙማን ጉድለት በእነዚሁ ሁለት እርከኖች ከፍሎታል። አንደኛው ሕመምተኛ ቅርጹን ራሱን አሟልቶ መያዝ አይችልም፤ ሁለተኛው የቁልፍን ሥዕል አሳምሮ ይገለብጣል፣ ምንነቱን ግን አይናገርም፤ ቁልፉን ሲዳስሰው ወይም ሲቅጨለጨል ሲሰማው ግን ያውቀዋል።

በዕለት ተዕለት ንግግር «ለየ» ብቻውን ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። በቅርቡ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አንዲት ሻጭ «አልለየኸኝም?» ብትለኝ ፊቷን ትክ ብዬ አይቼ አፈርኩ፤ ከሌላ ሸማች ጋር ስለ ቲማቲም ዋጋ ስትከራከር ግን የቀድሞ ጎረቤቴ መሆኗን በድምፅዋ ለየኋት። በትምህርት ጽሑፍ ግን «በጉን ከፍየሉ ለየ» ሲባል መንጋውን ለያየ ወይስ ልዩነቱን ተረዳ የሚል ጥርጣሬ ስለሚያስነሣ «ማወቅ»ን ማከል ይገባል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። «ለይቶ አያውቅም» ብለው ከጻፉ፣ «በልቶ አያውቅም» እንደሚባለው ሁሉ፣ «ከዚህ በፊት ለይቶ የማያውቅ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ «ለይቶ ያውቃል»ም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ለጤነኛው «አንጎል የሚታዩ ነገሮችን ለይቶ የማወቅ ችሎታ አለው»፣ ለሕመምተኛው ደግሞ «ያያል፤ ያየውን ለይቶ ማወቅ ግን ይሳነዋል» ብለው ይጻፉ።