መብራት በጋራ ሲባል እኩል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ የንግድ ሕንፃ ላይ የልብስ ስፌት ሱቅ ተከራይቻለሁ። ቆጣሪው አንድ ነው፤ አከራዩ ሂሳቡን ለስድስት ተከራዮች እኩል ያካፍላል። ከሥር ያለው ምግብ ቤት እንጀራ የሚጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የሕንፃው ፊት ሙሉ መስታወት በመሆኑ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ አያስቀምጥም። የኃይል ቁጠባ ደረጃ አያሟላም ብዬ ኪራይ ማቆም እችላለሁ?

መልስ፦ ኪራዩን እንዳያቆሙ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኢነርጂ ብቃትና ቁጠባ ቁጥጥሩን የሰጠው ለመንግሥት ተቆጣጣሪ ነው፤ ዛሬ ሥራው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ተከራይ በዚህ ምክንያት ኪራይ ይያዝ አላለም፤ ካቆሙ ውል አፍራሹ እርስዎ ይሆናሉ።

ስለ መስታወቱ የጸደቀውን ፕላን ይመልከቱ። ፕላኑ ላይ የሚከፈት መስኮት ኖሮ በግንባታው ጊዜ ከታሸገ ለከተማው የሕንፃ ሹም ያመልክቱ። ፕላኑም መስታወት ከሆነ የሚቀረው ድርድር ነው፤ ከውጭ የሚሠራ ጥላ ይጠይቁ። የውስጥ መጋረጃ ፀሐይዋን የሚይዛት ከገባች በኋላ ነው።

ዋናው ክርክርዎ ሂሳቡ ላይ ነው። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ቢስብና በቀን 4 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢሠራ 364 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የስፌት መኪናና ሁለት አምፖል በድምሩ 120 ዋት ቢሆኑ፣ በቀን 8 ሰዓት ሠርተው 25 ገደማ ነው። ውልዎ «መብራት በጋራ ይከፈላል» ብቻ የሚል ከሆነ «እኩል» አላለም፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1732 ውል የሚተረጎመው በቅን ልቦና ነው። «በእኩል» የሚል ቃል ላይ ፈርመው ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ እስከ እድሳቱ መጠበቅ ሳይሻል አይቀርም።

ለአከራዩ በቁጥር 1772 መሠረት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ እንዲገባ ይጠይቁ፣ ቀን ይቁረጡ፣ በቅጂው ላይ ያስፈርሙ። ቆጣሪው ሲገባ የመጀመሪያውን ንባብ ፎቶ አንስታችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ብዙ ጊዜ ጠብ የሚያስነሳው የውኃ ፓምፑና የደረጃው መብራት በአንዱ ተከራይ መስመር ላይ መቀጠላቸው ነው፦ ብሬከርዎን አጥፍተው የደረጃው አምፖል አብሮ ከጠፋ እየከፈሉለት የኖሩት እርስዎ ነዎት። ዋናው ቆጣሪ ያሳየው ከንዑሶቹ ድምር የሚበልጥበት ልዩነት የጋራ ፍጆታ ነው፤ እሱ እንዴት እንደሚከፈል በውሉ ላይ ለብቻው ይጻፍ።