መልስ፦ ሥነ መለኮት ሳልማር መንፈሳዊ መጽሐፍ መጻፍ እችላለሁ ወይ?

ሰላም እህቴ፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ አንባቢ ነኝ ግን ሥነ መለኮት ስላልተማርኩ መጻፉን ፈራሁ» ላልሽው፣ እኔ ትዝ የሚለኝ ታዋቂው የክርስትና መጻሕፍት ጸሐፊ ሲ ኤስ ሉዊስ ነው። ሰውዬው ቄስም ፓስተርም አልነበረም እኮ፣ ኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው ያስተምር የነበረው። ቤልፋስት ያደገበት ቤት መጽሐፍ በመጽሐፍ ነበር፣ ጣሪያ ሥር ያለችው ክፍል ውስጥ ሳይቀር እስከ ትከሻው ድረስ ተቆልሎ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር (እዛ ደሞ መች ያባራል) አንዱን እያነሳ ሌላውን እየጣለ ይውላል፣ ከልካይ የለበትም። ገና በልጅነቱ እናቱ ሞተችበት፣ ጎረምሳ ሲሆን እምነቱንም ተወው። በ1916 በፈረንጆቹ ባቡር ጣቢያ የገዛው የክርስቲያኑ ደራሲ የጆርጅ ማክዶናልድ ልቦለድ ልቡን ነካው፣ ግን ወዲያው አመነ እንዳይመስልሽ፣ ወደ 15 ዓመት ፈጅቶበታል! በ1931 በወንድሙ ሞተር ሳይክል የጎን መቀመጫ (ሳይድካር) ተቀምጦ ወደ አራዊት ማቆያ ሲሄድ፣ ሲነሳ ክርስቶስን አያምንም፣ ሲደርስ አምኗል፣ ራሱ ነው እንዲህ ብሎ የጻፈው።

አሁን ላንቺ የሚጠቅመው ይሄ ነው፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢቢሲ ሬዲዮ ላይ ስለ ክርስትና ሲናገር፣ ከንግግሮቹ አንዱን ክፍል አስቀድሞ የተለያየ ቤተ እምነት ላላቸው አራት የቤተክርስቲያን አገልጋዮች ልኮ አስተያየት ጠይቋል፣ አንግሊካን፣ ሜቶዲስት፣ ፕሬስቢቴሪያን፣ ካቶሊክ። ንግግሮቹ በኋላ በ1952 ባንድ መጽሐፍ ወጡ። አንቺም አንድ ምዕራፍ ጻፊና ቤተክርስቲያንሽ ላሉ መምህር ስጪያቸው፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ቢመጡ ደሞ አትቀየሚ 😄