ካለቀስኩ ካንሰሩ ይብስብኛል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 46 ዓመቴ ነው። የጡት ካንሰር ተገኝቶብኝ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። አሁን ሦስተኛውን ዙር ኬሞ ጨርሻለሁ። ቤተሰቦቼ ይወዱኛል። ግን ፊቴ ትንሽ ጠቆር ካለ «በርቺ እንጂ! ካዘንሽ እኮ በሽታው ይብስብሻል» ይሉኛል። ስለዚህ እንባዬ ሲመጣ መታጠቢያ ቤት እገባና ድምፄ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍቼ አለቅሳለሁ። ድካሙም ሌላ ነው፤ አሥር ሰዓት ሙሉ ተኝቼ እንዳልተኛ ሰው እነሳለሁ። አንዱ ዮጋ ሥሪ ይለኛል፣ ሌላው ስኳር ተዪ፣ ሌላው ደግሞ ዕፅ ቀቅለሽ ጠጪ። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ከቧንቧው እንጀምር። ውሃውን ይዝጉት። ማልቀስዎ ካንሰሩን አያሳድገውም። ይህን የምጽፈው ለእርስዎ ብቻ አይደለም፤ «በርቺ» የሚሉዎት ሰዎችም እንዲያነቡት ነው።

«መንፈሱ የጠነከረ ካንሰርን ያሸንፋል» የሚለው ወሬ እንዲሁ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዴቪድ ስፒገል አንድ ጥናት አሳተመ። የጡት ካንሰራቸው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሰራጨባቸው ሴቶች በሳምንት አንድ ቀን እየተገናኙ ያወሩ ነበር። እነዚህ ሴቶች ከቡድኑ ውጪ ከነበሩት በአማካይ 18 ወር ያህል ጨምረው ኖሩ። ዓለም ጉድ አለ። ከዚያ ራሱ ስፒገል ሙከራውን በሌሎች ሴቶች ደገመውና እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱን አወጣ፤ በጥቅሉ ዕድሜ ላይ ለውጥ አልነበረም። ዝነኛ ያደረገውን ውጤት ራሱ ፈትኖ «አልተደገመም» የሚል ሰው፣ እውነት ለመናገር፣ አከብራለሁ። ያም ሆኖ እንዲህ ያሉ ቡድኖች ጭንቀትን ቀለል እንደሚያደርጉ በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እነዚያ ቡድኖች የሳቅ ቡድኖች አልነበሩም። ስለ ፍርሃት፣ ስለ ሞት ሳይቀር ይወራባቸው ነበር። ይለቀስባቸውም ነበር። ሰውን ቀለል እንዲለው ያደረገው ጭንቀቱን መደበቁ ሳይሆን ማውጣቱ ነው።

ስለዚህ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይምረጡ። ሁሉንም ማስረዳት የለብዎትም፣ ያደክማል። ለዚያ ሰው «አሁን ምክር አልፈልግም፣ ዝም ብለህ አጠገቤ ሁን» ይበሉት። አንዲት ታካሚዬ ከእህቷ ጋር ምልክት ነበራቸው። መዳፏን ከዘረጋች «እጄን ያዢኝ፣ አታውሪ» ማለት ነው። እህትየዋ መጀመሪያ ግራ ገብቷት ነበር፤ በኋላ ግን «ምን ልበላት ከሚል ጭንቀት እኔም ተገላገልኩ» አለችኝ። በዚያው በሽታ ያለፉ ሴቶች የሚገናኙበት ቡድን ካገኙም አንድ ጊዜ ይሞክሩት። ካልተመቸዎት መተው ይችላሉ።

ኀዘን ግን ወደ ድብርት የሚሻገርበት ጊዜ አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ አብዛኛውን ቀን ምንም ነገር ደስ ካላሰኘዎት፣ ወይም «በቃኝ» የሚል ስሜት ከተጫነዎት ለሐኪምዎ ይንገሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ዛሬውኑ። ድብርት ይታከማል። መድኃኒት ከታዘዘልዎት ስለ ካንሰር መድኃኒትዎ መንገር አይርሱ፤ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ፓሮክሴቲን፣ ታሞክሲፌን የተባለውን የጡት ካንሰር መድኃኒት ሥራ ሊያዳክሙ ይችላሉ።

ወደ ድካሙ እንምጣ። ይህ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድካም አይደለም፤ ለዚህ ነው በመተኛት ብቻ የማይለቀው። መጀመሪያ ምክንያቱ ይፈለግ። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ያልታከመ ሕመም ሊኖር ይችላል። እነዚህ ከታዩ በኋላ የምሰጠው ምክር ብዙዎችን ያስገርማል፤ ይራመዱ። ድካምን በመቀነስ ረገድ እንደ እንቅስቃሴ በደንብ የተረጋገጠ ነገር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የባለሙያዎች ምክር በሳምንት 3 ጊዜ፣ 30 ደቂቃ ይላል። ቁጥሩ አያስደንግጥዎ፤ በ5 ደቂቃ ይጀምሩ። መለኪያው ቀላል ነው። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ልኩ ነው። ኬሞ በወሰዱ ማግስት አልነሣ ካለዎት ይተውት። ማዞር፣ የደረት ሕመም ወይም አዲስ የአጥንት ሕመም ከመጣ ያቁሙና ይታዩ።

ዮጋው ይፈቀዳል፣ ለስለስ ያለው። ካንሰሩን አያጠፋም፤ ለእንቅልፍና ለጭንቀት ግን ያግዛል። ቀዶ ሕክምና በተደረገበት በኩል ያለውን ክንድ ከመወጠርዎ በፊት የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ (ፊዚዮቴራፒስት) ያማክሩ። ለመርፌ ሲቀመጡ ደግሞ ይህን ይሞክሩ፦ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ይሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያውጡ። ነርሷ ክንድዎን ስታስር ይጀምሩ፣ መርፌው ገብቶ እስኪያልቅ አያቁሙ።

ስኳርን ሙሉ በሙሉ መተው ካንሰሩን አያስርበውም። ጤነኛው ሕዋስም የሚኖረው ግሉኮስ በሚባለው ስኳር ነው፤ ሰውነትም ከሌላ ምግብ ይሠራዋል። ጣፋጭ መቀነሱ ክፋት የለውም፤ እኔን የሚያሳስበኝ በዚህ ሰበብ ምግብ ሸሽተው ክብደት እንዳይቀንሱ ነው።

ዕፁን ግን እፈራዋለሁ። «ተፈጥሯዊ ነው» ማለት «አይነካካም» ማለት አይደለም። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው ለምሳሌ ጉበት አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ያኔ መድኃኒቱ ሥራውን ሳይሠራ ይወጣል ማለት ነው። የሚጠጡትን ሁሉ፣ እሽጉን ወይም ቅጠሉን ራሱን ይዘው ሐኪምዎን ያሳዩ። ደብቀው የጠጡት ካለም ይናገሩ፣ አይቆጣዎትም። ቢቆጣ እንኳ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባይጠይቁኝም። ኬሞ ከወሰዱ በኋላ ባሉት ቀናት፣ ብዙ ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው፣ በሽታ ተከላካዩ ነጭ የደም ሕዋስ በጣም ይወርዳል። ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑርዎት። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ ማስታገሻ ውጠው «እስኪ ይለፍ» አይበሉ፤ በቀጥታ ወደ ሕክምና ይሂዱ። ሌሊት 9 ሰዓት ቢሆንም። ሰው እንዳልረብሽ ብለው እስኪነጋ አይጠብቁ። ቤቱ ሁሉ መቀስቀስ ካለበት ይቀስቀስ።